ጎማው አብጧል

ባለቤቴ ከተወልኝ ዕቃዎች መካከል እስከ ዛሬ የሚንቀሳቀሰው መኪናው ብቻ ነው። የግድግዳ ሰዓቱ ቆሟል፤ ሬዲዮኑም ዝም ካለ ቆይቷል። መኪናዋ ግን አሮጌም ብትሆን ትነሳለች። እኔ መንዳት አልችልም። ተሳፍሮ መፍራት ግን እችላለሁ፤ በዚህ ሙያ ዲላ ውስጥ የሚስተካከለኝ ሰው ያለ አይመስለኝም። ዳገት ላይ ወደ ኋላ እንዳንንሸራተት እፈራለሁ። ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ እንዳይከዳን እፈራለሁ። ሜዳ ላይ ደግሞ ሜዳው የት ጋ እንደሚያልቅ ስለማላውቅ እፈራለሁ።

ከሁሉ የሚብስብኝ ግን ነዳጅ መንገድ ላይ ያልቃል የሚለው ፍርሃት ነው። ማደያ ነዳጅ ሲመጣና ሰልፉ ሲደርሰን ቀጂዋ "ሞልቷል" ብትለኝ አላምናትም። "ጥቂት ጨምሪበት" እላታለሁ። ከዚያ ወደ አቶ በራሶ እዞራለሁ። አቶ በራሶ ጎረቤቴ ናቸው፤ በጡረታ ላይ ያሉ ሾፌር ሲሆኑ የምሄድበት ጉዳይ ሲኖር የሚነዱልኝ እሳቸው ናቸው። "እስቲ ያነቃንቋት" እላቸዋለሁ። እሳቸውም ወርደው የመኪናዋን ዳሌ ይዘው ግራና ቀኝ ያወዛውዟታል። ውስጧ ያለው አየር ቡልቅ ቡልቅ ብሎ ሲወጣ ለነዳጅ ቦታ ይገኛል። እንደገና ይጨመራል። ቤንዚኑ ሞልቶ በጎኗ ካልፈሰሰ ልቤ አይረጋም። የፈሰሰውን በጨርቅ እጠርግና ሰላም አግኝቼ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ።

በቅርቡ የነዳጅ ማስገቢያው ክዳን አልገጥም አለ። እንደ ድሮው ዞሮ ዞሮ ቀጭ አይልም። ፌስታል አጣጥፌ ከሥሩ አደረግሁበትና ጠበቅ አደረግሁት፤ እሺ አለ። ባለቤቴ ቢኖር ያደንቀኝ ነበር ብዬ አሰብኩ። አሁን ሳስበው፣ ዝም ነበር የሚለው።

መኪናዋ ቤንዚን ቤንዚን ትሸታለች። መኪና ሌላ ምን ሊሸት ኖሯል?

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ። ታላቅ እህቴ ቡሌ ነው የምትኖረው። እታለም ነው የምላት። በልጅነቷ እዚያ ተድራ፣ እዚያው ወልዳ፣ እዚያው አርጅታለች። ዓይኗን ሞራ ከሸፈነው ቆይቷል፤ ብርሃንና ጨለማን ከመለየት በቀር የምታየው ነገር የለም። እንታከም ስላት "ማየት ያለብኝን አይቻለሁ" እያለች እምቢ ስትለኝ ኖራለች። አንድ ቀን ግን ደጇ ላይ ለቆመ ምሰሶ ሰላምታ ሰጠች። መልስ ሳታገኝ ስትቀር ጎረቤቷ ኮራብኝ ብላ ተቀየመች። ነገሩ ሲገለጥ አፈረችና "እሺ፣ ውሰጂኝ" ብላ ላከችብኝ።

በዚያው ሰሞን ለዓይን ቀዶ ሕክምና የሚመጡ ሐኪሞች ዲላ ገብተው ነበር። የእታለም ተራ ሐሙስ ጠዋት ሆነ። ያ ጠዋት ካለፋት ሐኪሞቹ መቼ እንደሚመለሱ የሚያውቅ የለም፤ እሷም ለሁለተኛ ጊዜ እሺ እንደማትል እኔ አውቃለሁ። ስለዚህ ረቡዕ ቡሌ ወጥተን ልናመጣት ተስማማን። ማክሰኞ ነዳጅ ልንሞላ ማደያ ገባን።

እኔ ከፊት ተቀምጬ በጎን መስታወቱ ወደ ኋላ እመለከታለሁ። ቀጂዋ ልጅ በቀኝ በኩል ወደ ኋላ ሄደች፤ ጎንበስ አለች፤ ቀና አለች፤ ደግማ ጎንበስ አለች።

"እማማ፣ ይሄ ጎማ አብጧል እኮ!" አለችኝ።

"የቱ?"

ሁለት እጇ ስለተያዘ በአገጯ ወደ ኋላ ቀኝ ጠቆመችኝ። "ይሄ ነዋ! በጣም አብጧል። ያስተነፍሳል ደግሞ። በዚህ ጎማ ሩቅ መንገድ እንዳይሄዱ።"

"ቡሌ ሩቅ ነው?"

"ቡሌ? በዚህ ጎማ? ኧረ እማማ፣ መንገድ ላይ ጉድ ይሆናሉ!"

ከኋላችን የተሰለፉት ባጃጆች ጥሩምባቸውን አቀለጡት። ልጅቷም ወደ እነሱ ሄደች። ልጠይቃት እችል ነበር። የፈራ ሰው ግን አይጠይቅም፤ መልሱ እንዳይመጣበት።

የጎማን ነገር ደግሞ ሰምቻለሁ። ጨለለቅቱ ገበያ መሀል የአንድ ጭነት መኪና ጎማ ፈነዳ፤ በፍንዳታው ደንግጣ ጣሪያ ላይ የወጣች ድመት እስካሁን አልወረደችም ይባላል። እኔ ድመት አይደለሁም። ጣሪያም አያወጣኝ።

በቀጥታ ከድር ጎሚስታ ዘንድ ሄድን። ከድር በኋላ ቀኝ ያለውን ጎማ አንኳኳው፤ ዳሰሰው፤ ውኃ አርከፈከፈበትና ጆሮውን ደቅኖ አዳመጠው።

"እትዬ፣ ጎማው ደህና ነው" አለኝ።

"አብጧል።"

"ማን አለ?"

"የምታውቅ ልጅ ናት ያለችው። ያስተነፍሳልም ብላለች።"

አቶ በራሶ በዚህ ሳቁ። ጌዲኦኛ ነው አፋቸውን የፈቱበት፤ አማርኛቸው ሴትና ወንድ እያማረጠ ነው የሚሄደው። "እትዬ፣ እንዴት አንድ ጎማ ታብጣለች፣ ደግሞም ይተነፍሳል? ወይ ያብጥ፣ ወይ ትተንፍስ! አንዱን ትምረጥ እንጂ!"

"ቀይረው" አልኩት ከድርን። "ስኮርታውን አስገባልኝ።"

ከድር ትርፍ ጎማውን አውጥቶ በመዳፉ አሻሸው። አንድም ጥርስ አልቀረውም፤ ልሙጥ ነው። "እትዬ፣ እኔን ካሉኝ የሚያስፈራው ይሄ ራሰ በራው ነው" አለ።

"ካበጠ ጎፈሬ ራሰ በራ ይሻለኛል" አልኩት። ክሪኩን አስገብቶ ቀየረው። ወደ ቤት ስንመለስ አቶ በራሶ አልፎ አልፎ ብቻቸውን ይስቁ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ከከተማ ስንወጣ "ማደያው ጋ ጎራ እንበል" አልኳቸው። ከቤት እስከ ማደያው ያጎደልነው ነዳጅ ነበራ! ያችው ልጅ ነበረች። ገና ሳንቆም አንገቴን በመስኮት አውጥቼ "ልጄ፣ ጎማው ተቀየረ!" አልኳት።

"እሰይ! እንደሱ ነው" ብላ ወደ ኋላ ሄደች። ፌስታሌን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ ለባልደረባዋ ስታሳያት በመስታወቱ አየሁ፤ የተደነቁበት መሰለኝ። ከዚያ ድምፅዋን ሰማሁ።

"እማማ፣ የታለ የተቀየረው? ያው ነው! ኧረ እንዲያውም ብሶበታል!"

ትናንት በዓይኔ እያየሁ ነው የተቀየረው። አሮጌው ጎማ ቤቴ በር ላይ ተጋድሟል። አዲሱም በአንድ ሌሊት አበጠ ማለት ነው። እንግዲህ በሽታው የጎማው ሳይሆን የቦታው ነው። እዚያ ቦታ ላይ ምን ጎማ ቢገባ ያብጣል። የመቃብር አፈር ነክቷት ይሆን? ሰው ዓይኑን ጥሎባት ይሆን? ሞልተን ከማደያው ስንወጣ ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ለአቶ በራሶ ነገርኳቸው።

"እንጸልይ" አሉኝ። የወንጌል አማኝ ናቸው፤ ሲጸልዩ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። እየነዱ መሆናቸው ትዝ ሲለኝ፣ "እባክዎ ቆመው ይጸልዩልኝ" ብዬ ለመንኳቸው። ቆሙ። ጸለዩ። ሄድን።

የቡሌን ዳገት እንዴት እንደወጣነው ባልናገር ይሻላል። ቶሎ ቶሎ እያስቆምኩ ወርጄ ጎማውን እዳስሳለሁ። ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች በእግራቸው ቀደሙን። ዞር ብለው ሲያዩን፣ እኔ ጎማው ሥር ተቀምጬ መዳፌን እንደ ሐኪም ደረቱ ላይ አድርጌ ነበር።

"እትዬ" አሉ አቶ በራሶ፣ "በዚህ አካሄድ እኛ ስንደርስ ሐኪሞቹ ጡረታ ይወጣሉ።"

እታለም ጋቢዋን ተከናንባ፣ በትሯን ይዛ ደጅ ቆማ ጠበቀችን። በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ እርጥብ ቆጮ በደረቷ አቅፋለች፤ ለኔ ያዘጋጀችው ስጦታ ነው። አንገቴን ሳመችኝና ቆም አለች።

"ቤንዚን ተደፍቶብሻል እንዴ?"

"የመኪና ሽታ ነው፣ እታለም።"

"መኪና አውቃለሁ። ይሄ ቤንዚን ነው።"

ስለ ጎማው አልነገርኳትም። በስንት ልመና እሺ ያለች ሴት በሰበብ እንዳትቀርብኝ ፈራሁ። ክብደት በቀኝ በኩል እንዳይበዛ ግን ዘዴ አበጀሁ። እሷን ከሾፌሩ ጀርባ፣ በግራ አስቀመጥኳት፤ ቆጮውን ጭኗ ላይ፣ ጓዟን እግሯ ሥር አደረግሁ። እኔም ተጠግቼ ላይዋ ላይ ተለጠፍኩ። የቀኙን መቀመጫ ለፍርሃቴ ለቀቅሁለት፤ ብቻውን ተንፈላስሶ ተቀመጠ።

"እኔ ጆንያ ነኝ እንዴ፣ ግድግዳ ላይ የምትከምሪኝ?" አለች እታለም።

"ብርድ ነው፣ እንሟሟቅ ብዬ ነው።"

"ታዲያ መስኮቱን ዝጊው።"

"ይከፈት፤ ይሸታል።"

"ምን ይሸታል?"

ቁልቁለቱን ጀመርን። እያንዳንዱ ጉድጓድ ሲመጣ ትንፋሼን እይዛለሁ፤ ሲያልፍ እለቀዋለሁ። መንገዱ ጉድጓድ በጉድጓድ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ሳልተነፍስ ነው የተጓዝኩት። እታለም አፍንጫዋን ቀና አድርጋ አሸተተችና፣ "ቤንዚኑ በረታ" አለች።

"እታለም፣ ቤንዚን አይደለም አልኩሽ እኮ! ቆጮው ይሆናል።"

ይህን ቃል ከአፌ ባወጣሁ ጊዜ አቶ በራሶ ሳይቀሩ ከፊት ሳል ሳሉ።

"ቆጮዬ?" አለች እታለም ቀስ ብላ። "በገዛ እጄ የፋቅሁት፣ ጊዜውን ጠብቄ ያወጣሁት ቆጮዬ፣ ቤንዚን ይሸታል?"

"እንደሱ ማለቴ አይደለም።"

"ጥሩ። ዲላ እስክንደርስ አልናገርም።"

አልተናገረችም። ጉሙ ወርዶ መንገዱን እስኪሸፍነው ድረስ አልተናገረችም። አንድ መታጠፊያ ስናልፍ ግን አፍንጫዋ እንደገና ተንቀሳቀሰ።

"የተጠበሰ በቆሎ ሸተተኝ። ይሄንንም ቆጮሽ ነው በይኛ!"

እውነትም ከመንገዱ ዳር አንዲት ሴት በከሰል ማንደጃ እሸት በቆሎ እየጠበሰች ነበር። መታረቂያ ስላገኘሁ ደስ አለኝ። "ይቁሙልን፣ በቆሎ ልግዛላት" አልኩ። ቀጥሎ የተናገርኩትን ዛሬም አልረሳውም። "አቶ በራሶ፣ የኋላ ቀኙን ጎማ ወደ ሴትዮዋ ያስጠጉልኝ፤ በቆሎውን ስገዛ ጎማውንም በዚያው እየጠበቅሁ እንዲሆን" አልኳቸው።

አስጠጉት። መንገዱ በቀኝ በኩል ዝቅ ያለ ስለነበረ መኪናዋ ወደ ማንደጃው ዘመም ብላ ቆመች። አቶ በራሶ ለራሳቸው ጉዳይ ወደ ቁጥቋጦው ሄዱ። እታለም እግሯን ልታፍታታ ወረደች። ቆጮዋንም አቅፋ ነው የወረደችው።

"እዚያው ተይው" አልኳት።

"ከዚያ ሽታ ጋር ብቻውን አልተወውም" አለችኝ።

በቆሎ ሻጯ ማንደጃዋን ስታራግብ ብልጭታው በጉሙ ውስጥ ተበተነ። እኔ ግን ዓይኔ ከጎማው ላይ ነው። ከመኪናዋ ጎን የጀመረ አንድ እርጥብ መስመር ወደ ታች ወርዶ ጎማው ላይ ሲንጠባጠብ አየሁ።

"ጎማውን አላበው!" ብዬ ጮህኩ። "ሊፈነዳ ነው መሰለኝ፣ ላብ ላብ ብሎታል!"

"ወይኔ እናቴ!" አለች በቆሎ ሻጯ። ደግ ሴት ናት። "ቆይ፣ ጉሙ አጨልሞታል፣ ላብራልሽ።" ከማንደጃዋ ጫፉ የሚነድ እንጨት መዘዘች፤ እንዲደምቅ ሁለት ሦስቴ በአየር ላይ አወዛወዘችውና ወደ ጎማው መጣች። እኔም እንድታይ ብዬ መንገድ ለቀቅሁላት። አዎ፣ ፈቀቅ ብዬ አሳለፍኳት።

"ያ ቀይ ብርሃን ምንድን ነው?" አለች እታለም ከጀርባዬ።

"እሳት ነው። ልታበራልኝ ነው።"

"ወዴት ነው የሚሄደው?"

"ወደ መኪናው።"

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለማመን ማየት ያስፈልጋል። እህቴ ካቀፈችው ቆጮ ጋር ሁለት እርምጃ ወደ ፊት ተራመደች፤ ቀዩን ብርሃን ዓልማ ጥቅሉን በሙሉ ኃይሏ ወረወረችው። እርጥብ ቆጮ ከባድ ነው። የሴትዮዋን ክንድ መታ፤ የሚነደው እንጨት ከእጇ ፈልቅቆ ወጥቶ ከመንገዱ ማዶ የውኃ መውረጃ ቦይ ውስጥ ገባ። ጭስስስ አለ።

"ኧረ እናንተ ሰዎች! እብድ ናት እንዴ?" ሴትዮዋ ክንዷን ይዛ ጮኸች።

"ቤንዚን ነው!" አለች እታለም። "ከጠዋት ጀምሮ ቤንዚን ነው እላለሁ! አንቺ ሞኝ፣ ቤንዚን ነው!"

ጣቴን እርጥቡ መስመር ላይ አድርጌ አሸተትኩት። ጣቴን እንደዘረጋሁ ባለሁበት ቆሜ ቀረሁ። ሴትዮዋ ግን ከኔ ትሻላለች፤ ማንደጃዋን በሁለት እጇ አንስታ እስከ መታጠፊያው ድረስ በሩጫ ወሰደችው። አቶ በራሶ በጩኸቱ እየሮጡ መጡ። የነዳጅ ማስገቢያውን ትንሽ በር ከፈቱና ጎንበስ ብለው አዩ።

"እትዬ፣ ነይ እይ" አሉኝ።

ቀረብኩ። የማስገቢያውን አፍ ዙሪያውን የያዘው ጥቁር ጎማ እንደራሰ ዳቦ አብጦ ተንጨፍርሯል። ከክዳኑ ሥር ያለው ቀለበትም እንዲሁ፤ ላልቶ ከቦታው ወጥቷል። ፌስታሌ ደግሞ ተኮማትሮ ወደ ጎን ሸሽቷል። በየጊዜው ያፈሰስኩት ቤንዚን ሁሉ እዚያ ተቀምጦ ጎማውን ሲበላው ኖሯል። መኪናዋ ስትዘምም ሞልቶ የተረፈው በዚያው መውጫ አገኘ።

"አብጧል ያለችው ይሄንን ጎማ ነው!" አሉ አቶ በራሶ።

"ይሄም ጎማ ነው?"

"ታዲያ ከምን ተሠራች? ከእንጨት?"

ለአክስትና ለአጎት፣ ለምራትና ለዋርሳ ስም ያላነሰው ቋንቋችን ጎማ ላይ ሲደርስ ደክሞታል። መኪና የሚሄድበትም ጎማ፣ ዝናብ ሲዘንብ የምንጫማውም ጎማ፣ ቤንዚን የሚታሸግበትም ጎማ። እኔም ከሦስቱ የምፈራውን ስመርጥ ተሳሳትኩ። ሁለት ቀን ሙሉ ምንም ያልሆነ ጎማ ስፈራ፣ የሚፈራውን ጎማ በገዛ እጄ እሳት አጠገብ አስቁሜዋለሁ። እታለምም እዚያው አጠገቡ ቆማ ነበር።

የዚያን ቀን ከፈራሁት ሁሉ የምሩ ያ ነበር። ስለሱ ይሄን ያህል ካልኩ ይበቃል።

በቆሎ ሻጯ ተመልሳ መጥታ ቆጮውን ከመሬት አነሳች፤ የኮባውን ጭቃ በቀሚሷ ጠረገች። "አልተፈታም። ይበላል" አለች። "ያንቺ ነው፤ የክንድሽ ካሳ" አለቻት እታለም። ሁለቱ ወዲያው ታረቁ፤ እኔን ነበር በአንድ ላይ የሚያዩኝ።

አቶ በራሶ መኪናዋን በሰው እርዳታ ገፍተው ደልዳላ ቦታ ላይ አቆሟት። "ክዳኑና ጎማዋ ሳይቀየር ሞተሯን አላስነሳም። እኔ እዚሁ እጠብቃታለሁ፤ እናንተ ሂዱ፣ ነገ ዓይን አለ" አሉን። መሸት ብሏል። የተገኘው አንድ ሞተር ሳይክል ብቻ ነው። ሾፌሩን፣ "ጎማው ደህና ነው?" ብዬ ጠየቅሁት።

"የቱ ጎማ፣ እማማ?"

"ሁሉም። የእግሩም፣ የአፉም።"

ሳቀብኝ። እታለምን መሀል አስቀምጠን ከኋላዋ ወገቧን ይዤ ተቀመጥኩ። እሷ "ጠጋ በይ! ፍጠን በይው!" ትላለች። እኔ ዓይኔን ጨፍኛለሁ። አንዳችን በሞራ፣ አንዳችን በፍርሃት፣ ሁለታችንም ምንም ሳናይ ዲላ ደረስን።

ሐሙስ ጠዋት በሰዓቱ ተገኘን። ስሟን ጠርተው አስገቧት፤ በሩ ተዘጋ። እኔ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። የምቆጣጠረው ጎማም፣ የማስቆመው ሾፌርም አልነበረም። ስለዚያ ቀን ሌላ የምለው የለኝም።

በማግስቱ ጨርቁን ሊፈቱላት ሲጠሩን አብሬያት ገባሁ። ነርሷ ፕላስተሩን ላጠች፤ ጨርቁን አነሳች። እታለም ዓይኗን ጨፈን ከፈት አደረገች። ነርሷ ጣቶቿን እየቀያየረች አሳየቻት፤ ሁሉንም አወቀቻቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ብዙ ቆየች እያየችኝ።

"ምነው ዓይንሽ አብጧል?" አለችኝ።

"ቤንዚን ነክቶት ነው" አልኳት።

እታለም ተጠጋችኝ። ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ አፍንጫዋን አስጠጋችና አሸተተችኝ።

"ቤንዚን አትሸቺም" አለች።